ሙክታር ዘንድ የሚፈጥን፣ እኔ ዘንድ የሚዘገይ ላፕቶፕ

ማክሰኞ

«አሁን ጥይት ሆኗል» አለኝ ሙክታር፣ ላፕቶፑን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ። እውነቱን ነው። ሱቁ ውስጥ ከፍቶ አሰማኝ፤ ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ስክሪኑን የሚያነብልኝ ድምፅ መለፍለፍ ጀመረ። በፊት ያ ድምፅ እስኪመጣ ሻይ አዝዤ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን እመልስ ነበር። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ስለደከመ ነው ኤስኤስዲ በሚባለው አዲስ ፈጣን ዲስክ ያስቀየርኩት። ጭሮ መናኸሪያ አካባቢ ላፕቶፕ ከሚጠግኑት ሁሉ የማምነው ሙክታርን ነው። አብረን ተምረናል፤ ይቀልድብኛል እንጂ አይዋሸኝም።

አሮጌው ዲስክ ግን አልተጣለም። የሲዲ ማጫወቻው በነበረበት ቦታ እንዲያስርልኝ ለመንኩት። «ምን ይሠራልሃል?» አለኝ። ለሚያይ ሰው ማስረዳቱ ከባድ ነው። እኔ ማሽኑ መብራቱን፣ መሥራቱን፣ መጨረሱን የማውቀው በዚያ ዲስክ ድምፅ ነው። ሲነሣ ያጉረመርማል፣ ሲሠራ ይንጫጫል፣ ሲጨርስ ይረጋጋል። አዲሱ ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ስለዚህ አሮጌው በጡረታ እዚያው ይቀመጥልኝ አልኩ። ሙክታር ሳቀብኝ፣ ግን አሰረልኝ።

ቤት ገብቼ አበራሁት። አሮጌው ዲስክ ማጉረምረም ጀመረ፤ ደስ አለኝ። የአስር አዛን ተጀመረ፤ አለቀ። ውዱእ አደረግኩ፣ ሰገድኩ፣ አሰላመትኩ። ላፕቶፑ ገና ነው። ምንጣፌን አጥፌ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የተናገረው።

ጥይቱ የት ገባ?

ይህን የምጽፈው በብሬል ነው። ሁለተኛ አብርቼው እስኪነሣ እየጠበቅኩ ነው። የብሬል መጻፊያዎቼ፣ ሰሌዳው (ስሌት) እና መውጊያው (ስታይለስ)፣ ደግነታቸው መብራት አይጠይቁም፣ አስነሡኝም አይሉም። ወረቀቱን እየወጋሁ እጠብቃለሁ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። ሰኞ ዘጠነኛ ሐ ገብቼ ታሪክ አስተምራለሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን መምህር ዘሪሁን ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉኛል። ከወደዱት ክፍሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የኔ ነው። ካልወደዱት አምና ሙሉ ወደተቀመጥኩበት የብሬል ክፍል እመለሳለሁ። እዚያ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ፤ እወዳቸዋለሁ፤ ቀኑ ግን አይሞላም፣ የተማርኩትም ታሪክ ነው። ክፍል ስጡኝ ባልኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ሰሌዳ ላይ ማን ይጽፍልሃል?» መልሴ ይህ ላፕቶፕ ነው። ማስታወሻውን ቤት እጽፋለሁ፣ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አወጣዋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ጠመኔዬ እሱ ነው ማለት ነው። ባትሪው ደግሞ ደካማ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ጭሮ ላይ መብራት አይሄድም ብሎ ትምህርት የሚያዘጋጅ መምህር አላውቅም። ስለዚህ ሲጠፋ ወዲያው መነሣት አለበት።

አገኘዋለሁ። ቀላል ነገር ነው የሚሆነው።

ተናገረ። ልተኛ።

ረቡዕ

ተጠርጣሪዎቼን በተራ አቀረብኳቸው።

ቻርጀሩ፦ ከጎረቤት ሌላ ተውሼ ሞከርኩ። ንጹሕ ነው።

ቫይረስ፦ በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል የማይዞር ፍላሽ ስለሌለ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነበር። አስፈተሽኩት፤ የተገኘ የለም።

ሲነሣ አብረውት የሚነሡ ፕሮግራሞች፦ እዚህ ላይ ኮራሁ። የማያስፈልጉትን አንድ በአንድ እየለየሁ አጠፋኋቸው። የማይፈለግ እንግዳ እንደማሰናበት ደስ የሚል ሥራ ነው። አጥፍቼ አበራሁት። ያው። ሰርግ የተጠራ ሰው ፀጉሩን ተቆርጦ የሚመለስበትን ያህል ጠበቅኩት።

የሚያናድደው፣ አንዴ ከተነሣ በኋላ በእውነት ጥይት ነው። ፋይል ክፈት ስለው ከጣቴ ይቀድማል። ችግሩ መነሣቱ ላይ ብቻ ነው።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ሙክታር ሄድኩ። መናኸሪያው እንደ ልማዱ ይጮኻል፤ ረዳቶቹ «ሂርና፣ ሂርና!»፣ ጎን ካለው ብረታ ብረት ቤት የመፍጫው ፉጨት፣ ከላይ የሙክታር ዘፈን። ላፕቶፑን ተቀበለኝ፣ አበራው፣ ወዲያው ተናገረ።

«እህስ? ማል ተኤ? ምን ሆነ ነው የምትለኝ?»

«ድገመው» አልኩት። አጠፋ፣ አበራ፣ ተናገረ። ስልክ ሊያሠራ የመጣ አንድ ሰውዬ፣ «መምህር፣ ላፕቶፕህ ሰው ይለያል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ቤት ስደርስ እንደገና ዘገየ።

በሽተኛ ልጅ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ይስቃል ይባላል። ይሄኛው ግን አበዛው።

ሐሙስ

ልቤ ተቃጥሏል። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

መምህር ዘሪሁን ጠዋት «ከሰኞ በፊት ዕቃውን እዚያው ክፍል ውስጥ ሞክረው» አሉኝ። መምህር የቀረበት ክፍለ ጊዜ ነበርና ዘጠነኛ ሐ ገባሁ። እኔም ብልጥ ሆኜ ላፕቶፑን ቤት አስነሥቼ፣ ሳላጠፋው ከድኜ ነበር የወሰድኩት። ተኝቶ ለባጃጅ መንገድ ባትሪው ይበቃዋል። እንደደረስኩ ሰካሁት፣ ፕሮጀክተሩን አገናኘሁ፣ ስለ ሲራራ ንግድ ያዘጋጀሁት ማስታወሻ ግድግዳው ላይ ወጣ።

ያን ጊዜ የሆነውን መርሳት አልፈልግም። ክፍሉ ጸጥ አለና የእስክሪብቶ ድምፅ ተሰማ። ያ ሁሉ ልጅ አንድ ላይ ሲጽፍ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ይመስላል። እኔ የጻፍኩትን ነው የሚጽፉት! ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ጨውና ስለ ቡናው፣ ነጋዴዎቹ በየሰፈሩ ስለማደራቸው ነገርኳቸው። አንዷ ልጅ እጅ አውጥታ ኖሮ ሳላያት ስቀር «መምህር፣ እጅ አውጥቻለሁ» ብላ አስታወሰችኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ከእንግዲህ ስማችሁን ጠርታችሁ ጠይቁ አልኳቸው። ተግባባን።

ከዚያ መብራት ሄደ። ልጆቹ «ኡኡ!» አሉ። ቶሎ ደግሞ ተመለሰ። ማብሪያውን ተጫንኩ። አሮጌው ዲስክ ማጉረምረሙን ሰማሁና አንዴ ታገሡ ብዬ በቃል ቀጠልኩ። ቀጠልኩ፣ ቀጠልኩ። አግዳሚ ወንበሮች መንቀጫቀጭ ጀመሩ፤ ሹክሹክታ ወደ ወሬ፣ ወሬው ወደ ጫጫታ ተለወጠ። «መምህር፣ ግድግዳው ሰማያዊ ብቻ ነው» አለ አንዱ። አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ። ደወሉ ተደወለ። እየተገፋፉ ወጡ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ላፕቶፑ መናገር ጀመረ።

መምህር ዘሪሁን በሩ ላይ ቆመው ኖረዋል። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

«ጀማል፣ ማንም አይወቅስህም። አንድ መምህር እንመድብና እሱ ይጽፋል፣ ያስተምራል። አንተ አብረኸው እየገባህ ታግዘዋለህ።»

ታግዘዋለህ! አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ በጆሮ ተነቦ፣ መጨረሻው «ታግዘዋለህ»።

«እስከ ሰኞ ይጠብቁኝ» አልኳቸው።

«እጠብቃለሁ። ሰኞም እንዲህ ከሆነ ግን አልችልም፤ ልጆቹ ፈተና አለባቸው።»

እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን ባይሆን ኖሮ ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር።

አርብ

ጠዋት ዘዴ ቀየርኩ። የማያይ ሰው ዓይን መዋስ ነውር የለበትም። ስማርት ስልኬ ካሜራው ከተሰነጠቀ ወዲህ የሚያነብልኝ ጨለማ ብቻ ነው። ስለዚህ አከራዬን እማማ ዘነበችን ጠራኋቸው።

«እማማ፣ ይሄ ማሽን እየተነሣ እያለ ስክሪኑ ላይ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? መነጽሬም ተሰብሯል።»

«ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ጎንበስ ሲሉ ጉልበታቸው ተንቋቋ። «ጥቁር ነው። ጥቁር... ቆይ፣ ነጭ ነጭ ነገር አለበት። ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።»

«ፊደል ነው?»

«ይሆናል። ከሆነም የኛ አይደለም።»

ሙክታር ጋ ደወልኩ። ጥቁር ላይ ነጭ ነገር አለ አልኩት። «እሱማ የኩባንያው ስም ነው፣ ሁሌም ይወጣል፣ አትጨነቅ» አለኝ። እኔም «እንደሱ ነው ያሰብኩት» ብዬ ዘጋሁ። ሁለት አዋቂዎች ተስማማን።

ከጁምዓ በኋላ ወሰድኩለት። በረረ። ሙክታር ራሱ ግራ ገባውና ጥፋቱን የቤቴ መብራት ላይ ጣለው፤ ኃይሉ ዝቅ ብሎ ነው ማሽኑን የሚያደክመው አለ። የራሱን ስታቢላይዘር አወረደልኝ። በባጃጅ ጭኜ ስሄድ ሾፌሩ «መምህር፣ ፍሪጅ ገዛህ እንዴ? ሙባረክ!» አለኝ። ስታቢላይዘሩ እንደ ድመት ይንኮራፋል። ላፕቶፑ በእሱም ላይ ያው ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ስደውልለት ሙክታር ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ያ ጀማል፣ ምናልባት ማብሪያውን ሁለቴ ትጫነው ይሆን? ሳይታወቅህ ማለቴ ነው» አለኝ።

ከሐሙሱ የባሰ ያመመኝ ይሄ ነው። ሌላ ሰው ቢለኝ እመልስለት ነበር። ሙክታር ግን ጣቶቼን ያውቃቸዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ያውቀኛል። ሌላ ምክንያት ሲጠፋ የሚቀረው የኔ ዓይን አለማየት ነው፤ ሁሌም መጨረሻ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ስልኩን ዘግቼ ማብሪያውን በአንድ ጣቴ፣ አንዴ፣ ቀስ ብዬ ተጫንኩት። ዘገየ።

እኔ አይደለሁም። ይህን በወፍራሙ ወግቼ እጽፈዋለሁ። እኔ አይደለሁም።

ቅዳሜ

አገኘነው! አገኘሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያገኘው እጃችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ ሄድኩ። ቅዳሜ ገበያ ነውና መናኸሪያው ጢም ብሏል፤ ከቦኬ የመጡት ሰዎች ዕቃቸውን ሱቁ በር ላይ ከምረው ይጠብቃሉ። ሙክታር በርጫውን ጀምሮ ነበር፤ ግራ እጁ ላይ ጫት፣ ጉንጩ ሞልቷል። አጠገቡ አስቀመጠኝና በዚያው ሙላት «አቦ፣ ትናንት ስለተናገርኩት አፉ በለኝ» አለ። ቀኝ እጄን በቀኝ እጁ ያዘ፤ እንደ ወጋችን ጉልበቱ ላይ አድርጎት ማውራት ጀመረ። ስለ መምህር ዘሪሁን ነገርኩት። ስለ «ታግዘዋለህ»። እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

«በል እስቲ አንተ ራስህ አብራው፣ እኔ አያለሁ» አለኝ።

በግራ እጄ ተጫንኩ። አሮጌው ዲስክ አጉረመረመ። ጠበቅን። ስለ እናቱ ጤና ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ወንድሙ ሚስት ስለማጨቱ አወራኝ። እጄን አልለቀቀም። ጫቱንም አልለቀቀም።

ላፕቶፑ አልተናገረም።

«ሙክታር» አልኩት።

«አቤት።»

«ዘገየ።»

እጄን ሳይለቅ ወደፊት ተሳበ። «ወላሂ ዘገየ! እዚህም ዘገየ!» የደስታ ይመስል ነበር ድምፁ። እኔም ተደስቻለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እብድ ከመባል ወጣሁ።

«ስክሪኑ ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ያው ሁልጊዜ የሚመጣው ጽሑፍ ነው።»

«ሁልጊዜ ሲመጣ ምን ታደርገዋለህ?»

«ምንም አላደርገውም... እነካለታለሁ።»

«ምን ትነካለታለህ?»

«እንጃ፣ ያገኘሁትን ቁልፍ። ስትነካው ይሄዳል።» ከዚያ አፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ረስቶ «ኧረ ያ ረቢ!» አለ።

አንብብልኝ አልኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትዘል፣ ለማያይ ሰው እንደምታነብ አንብብልኝ። እንግሊዝኛውን እየተረጎመ አነበበው፤ ሁለተኛው ዲስክ ችግር አለበትና መመርመር አለበት፤ ምርመራውን ማለፍ ከፈለጉ ማንኛውንም ቁልፍ ይንኩ። ከሥሩ ደግሞ ምርመራው ስንት በመቶ እንደደረሰ የሚቆጥር ቁጥር።

እንግዲህ ይሄ ነው። ሙክታር በቀን ስንት ማሽን ይከፍታል፤ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲያይ ጣቱ ሳይጠይቀው ይነካል። እንደ ዝንብ እሽ እንደማለት ነው፤ ማድረጉንም አያውቀውም። ዛሬ ግን ቀኝ እጁ እጄን፣ ግራው ጫቱን ስለያዘ የሚነካበት ጣት አጣ። እኔ ደግሞ ጽሑፍ መኖሩን ስለማላውቅ አልነካም። ለማይነካ ሰው ማሽኑ በታማኝነት አሮጌውን ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመረምራል። ዲስኩ በመሞት ላይ ስለሆነ አይድንም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ምርመራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ያ ደስ ይለኝ የነበረው ማጉረምረም የበሽተኛ ማቃሰት ኖሯል።

«በቃ፣ ሲነሣ አንድ ቁልፍ ንካ፣ አለቀ» አለ ሙክታር።

ሞከርኩ። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ቀድሜ ስነካ አይቀበለኝም፤ ዘግይቼ ስነካ ምርመራው ተጀምሯል። አንዴ ደግሞ ደጋግሜ ስነካካ ድምፅ ወደማይደርስበት ሌላ ገጽ ገባሁና ሙክታር ጎትቶ አወጣኝ። ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ይሄን ዕጣ አላወጣም።

«አሮጌው ይውጣ እንግዲህ» አለ።

እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም፣ ወረቀቱ የራሴ ነው፤ ፈራሁ። ድምፁ ከወጣ ማሽኑ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ተጭኜ ይብራ አይብራ የማላውቀውን ነገር ይዤ እንዴት ክፍል እገባለሁ? ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

«አቦ ጀማል፣ ምረጥ» አለኝ እጄን ወዘወዘና። «ወይ ድምፁ፣ ወይ ሰኞ።»

«ቶሌ፣ እሺ። አውጣው» አልኩ።

ፋይሎቼን ወደ አዲሱ ገለበጠልኝ። አንዳንዶቹ አልተገለበጡም፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼን ድምፅ የቀዳሁባቸው ነበሩ። ትንሽ አዘንኩ። ከዚያ ብሎኖቹ ሲፈቱ ሰማሁ።

ስታቢላይዘሩንም መልሼለታለሁ። ባጃጅ ነጂው ያው ሰውዬ ነበር፤ «ፍሪጁ አልሠራም እንዴ?» አለኝ።

እሑድ

ጠዋት ብቻዬን ከማሽኑ ጋር ተፋጠጥን።

ተጫንኩ። ምንም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም። አልበራም ብዬ ደግሜ ተጫንኩ። ለካ በርቶ ነበር፤ አጠፋሁት። ሦስተኛ ተጫንኩ፤ ተጠራጠርኩ፤ አሁንም አጠፋሁት። ሙክታር አርብ ዕለት የጠረጠረኝን ጥፋት ዛሬ በገዛ እጄ ሠራሁት፤ ባይሰማ ደስ ይለኛል።

ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩና ተመለስኩ። ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ አንዴ ተጫን፣ እጅህን አንሣ፣ ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም በል፣ ሌላ ነገር አትንካ።

ተጫንኩ። እጄን አነሣሁ። ቢስሚላህ አልኩ፤ ሁለተኛ ልል አፌን ስከፍት ተናገረ።

አላመንኩም። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ተናገረ። ከግድግዳው ነቅዬ ጨርሶ እንዲሞት አደረግኩና፣ እንደገና ሰክቼ አበራሁት። ተናገረ። እስኪሰለቸኝ ደጋገምኩት፤ አልሰለቸኝም። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት እማማ ዘነበች በር ላይ ቆመው «ልጄ ጀማል፣ እንግዳ መጥቶብሃል እንዴ? ደጋግሞ ሰላም የሚልህ ማነው?» አሉ። ገብተው እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። አበራሁላቸው። «አሁንስ ጤፍ አለ?» አልኳቸው።

«ኧረ የለም። ሰማያዊ ሆኖ ፏ ብሏል» አሉ። ከዚያ መረቁኝ፤ እሳቸው ለፈተናም ለጉንፋንም የሚመርቁት አንድ ምርቃት ነው። አሜን አልኩ።

ከሰዓት ትምህርቱን ጮክ ብዬ ለባዶ ክፍል አስተማርኩ። የምለውን አውቀዋለሁ። ዝም ያለ ማሽን ለመልመድ አንድ ቀን አይበቃም፤ ግን ያለኝ አንድ ቀን ነው።

ሸሚዜን ተኮስኩ።

ሰኞ

ገባሁ። ሰላም አልኩ። ተቀመጡ አልኩ። ከኋላ የመምህር ዘሪሁን ሳል ተሰማ።

ሆን ብዬ ላፕቶፑን አጥፍቼ ነበር የወሰድኩት። መደበቅ አልፈለግኩም። ፊታቸው ሰካሁ፣ ተጫንኩ፣ እጄን አነሣሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሐሙሱን ያስታውሳሉ፤ አንዱ እንደሚስቅ እየጠበቅኩ ነበር። «ስሜ መምህር ጀማል ይባላል፤ ዛሬ...» ስል ተናገረ። ማስታወሻው ግድግዳው ላይ ወጣ። እስክሪብቶዎቹ ተነሡ።

መሃል ላይ ነጋዴዎቹ ወንዝ ዳር ሰፍረው እያለ መብራት ሄደ። ልጆቹ «ኡኡ!» አሉ። እኔ ግን ቆሜ «ግመሎቹ መብራት አይፈልጉም፣ እንቀጥል» አልኩና ሳቁ። መብራቱ ሲመለስ ልጆቹ አጨበጨቡ። አንዴ ተጫንኩ። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ላፕቶፑ ተነሣ። «መምህር፣ ሐያት ነኝ፤ መጣ!» አለች ያቺ ሐሙስ እጅ ያወጣችው ልጅ፣ ስሟን ጠርታ። የቆምንበት ገጽ ላይ መልሼ አወጣሁት፤ ነጋዴዎቹም ወንዙን ተሻገሩ።

ደወሉ ሲደወል ትምህርቱ አልቆ ጥያቄ ላይ ነበርን። ሁለት ልጆች ወጥተው ተመልሰው ገቡና ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ።

መምህር ዘሪሁን ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቁ። ወንበሩን ገፍተው በዝግታ ወደ ፊት መጡ። ጥሩ ነው አላሉም፤ መጥፎ ነውም አላሉም። ላፕቶፑንም አልጠቀሱትም። ከፊቴ ቆሙ።

«የስድሳ ልጅ የፈተና ወረቀት ነው፣ በእጅ የተጻፈ» አሉ። «እንዴት አድርገህ ልታርመው ነው?»

ዘጠነኛ ሐን ለማያስተምር ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርብም። ይህን ሲሉ ክፍሉን እንደሰጡኝ እሳቸው አላወቁትም።

«ገና አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ እስካሁንም አላውቅም። «ግን ጣጣው የኔ ነው፤ ለኔ ይተዉልኝ።»